በ63 ዓመቴ ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ብቻዬን በብስክሌት፤ የሄዳችሁበት ምከሩኝ

የጣና ዳሯ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 63 ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። በእኛ ጊዜ ባሕር ዳር ተማሪውም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛዋም፣ ገበያ የምትወርደዋም ብስክሌት ትነዳ ነበር፤ ሴት ልጅ ነዳች ብሎ ዞሮ የሚያይ አልነበረም። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ በሁለት ሥራና በልጅ ማሳደግ ተረስቶ ቆየ። ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪሜ "ሩጫው ይቅርና ብስክሌት ንጂ" አለችኝ፣ ተመለስኩበት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ 30 ማይል ያህል ነድቼ ስገባ ሰውነቴ ደስ ይለዋል።

የተመኘሁት የሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክና ኦሃዮ) ቦይ ዳር መንገድን ነው፤ ድሮ በቅሎዎች የጭነት ጀልባ ይጎትቱበት የነበረውን። ከከምበርላንድ ሜሪላንድ ተነስቶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር 184.5 ማይል ሄዶ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን የሚያልቀውን። ሐሳቤ በባቡር ከምበርላንድ ወርጄ ወደ ቤቴ እየነዳሁ መመለስ ነው። ብቻዬን። ጓደኞቼ አይነዱም። ለልጄ ስነግራት አለቀሰች። ወንዱ ልጄ "በመኪና ከኋላሽ እከተላለሁ" አለ፤ መንገዱ ደግሞ መኪና አያስገባም።

የሄዳችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ። ጫካ ውስጥ ማደር ግድ ነው ወይስ አልጋ ይገኛል? ጥቁር ሴት ብቻዋን ያንን ገጠር ስታቋርጥ እንዴት ነው የሚያዩዋት? ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ የሚበላ አገኛለሁ? ጎማ ቢተነፍስስ? እባካችሁ ያለውን እንዳለ ንገሩኝ፤ "በርቺ" ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ።

ነጠላ ለባሿ፦

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። ይህን መንገድ ብቻዬን ነድቼዋለሁ፤ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ ያለውን 150 ማይልም እንዲሁ። ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ብቻ ስለመሄድ። ልጆችሽ "ሰው ይዘሽ ሂጂ" ይሉሻል። የእኔ እምነት ግን በእኛ ዕድሜ ብቻ መንዳት ለሰውነትም ይሻላል የሚል ነው። ከሰው ጋር ስትነጂ "ደከመኝ" ማለት ታፍሪያለሽ። ሌላው ሳይቆም አትቆሚም፣ ውሃ ሳትጠጪ ትቆያለሽ፣ ሽንትሽን ትይዣለሽ። አብረውኝ ይነዱ ከነበሩት ሴቶች የወደቁትን ጠይቄያለሁ። አብዛኞቹ የወደቁት ከሰዓት በኋላ፣ ከፊት ያለው ላይ ለመድረስ ሲጣደፉ ነው። ብቻዬን ስሆን ጉልበቴ ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ። መቀመጫ ባገኘሁ ቁጥር እወርዳለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እግሬን እዘረጋለሁ፤ ሰዓት የሚያይብኝ የለም። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ ያለውን ኑሮ በእናቴ አይቼዋለሁና የእኔ ትልቁ ሥራ አለመውደቅ ነው። ለዚያ ደግሞ ጥድፊያን የመሰለ ጠላት የለም።

ስለዚህ ቀኔን በማይል አልለካም። ጠዋት የምወስነው የት እንደማድር ብቻ ነው። ለአንቺ 25፣ ቢበዛ 35 ማይል በቀን ይበቃል። ከከምበርላንድ እስከ ሃንኮክ 60 ማይል ነው፤ ጭር የሚለው እሱ ነው። ሱቅ የለም ማለት ይቻላል፣ ስልክም ብዙ ቦታ አይይዝም። ከሃንኮክ ወዲህ ግን ዊሊያምስፖርት፣ ሼፐርድስታውን፣ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ብረንስዊክ እያልሽ ከ30 ማይል ባልበለጠ ርቀት ከተማ ታገኛለሽ፤ አልጋም ሾርባም አለ። ከብረንስዊክ በኋላ ጆርጅታውን 55 ማይል ይቀረዋል። እሱን በአንድ ቀን አልመክርሽም።

ድንኳን የግድ ነው ወይ ላልሽው፣ በዚያ በመጀመሪያው 60 ማይል መያዝ አለብሽ። በመንገዱ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተከለሉ ማደሪያዎች አሉ። ነጻ ናቸው፣ ቀድሞ የደረሰ ያድርባቸዋል፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ መጸዳጃ ቤትና በእጅ የሚቀዳ የውሃ ፓምፕ አላቸው። ውሃው በአዮዲን የታከመ ስለሆነ ሽታ አለው፤ እኔ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ የአንዱ ፓምፕ ውሃ ሲመረመር ካላለፈ እጀታውን ነቅለው ይወስዱታል። በኅዳር ብርድ ሲገባ ደግሞ ሁሉንም ይዘጋሉ፣ እስከ ሚያዝያ አይከፈቱም። "ቀጣዩ ላይ እቀዳለሁ" ብለሽ ጠርሙስሽን ባዶ አድርገሽ አትለፊ።

ድንኳን ካልፈለግሽ ከሃንኮክ ወዲህ ሌላም አለ። ድሮ የቦዩን የውሃ በሮች የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰዎች ይኖሩባቸው ከነበሩት ቤቶች ጥቂቶቹ ታድሰው ለማደሪያ ይከራያሉ። ግማሾቹ መብራት አላቸው፣ ግማሾቹ መብራትም ውሃም የላቸውም፤ ስትይዢ ለይተሽ ያዢ። ኤድዋርድስ ፌሪ ያለው ጆርጅታውን ሊደረስ 30 ማይል ገደማ ሲቀር ነው፤ ያንን 55 ማይል ለመክፈል ይመቻል።

የሌሊቱን ነገር ልንገርሽ። እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የጭነት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከወንዙ ማዶ ስለሚያልፍ ሌሊት ጥሩምባው ሸለቆውን ይሞላዋል፤ የጆሮ መድፈኛ ያዢ። አውሬ ብለሽ የምትፈሪው ኮሽታ አብዛኛውን ጊዜ አጋዘን ነው። ለሽንት ስትወጪ የራስ ባትሪሽን አብርተሽ፣ ጫማሽን አራግፈሽ አድርጊና ውጪ። ማደሪያው ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው ካለና ፊቱ ካላማረኝ ውሃ ቀድቼ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ፣ ስለዚህም ነው ሁልጊዜ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት ቀድሜ የምደርሰው። ለማላውቀው ሰው "ብቻዬን ነኝ" አልልም። "ሰዎቼ ወደፊት እየጠበቁኝ ነው" እላለሁ።

ስለ ቆዳችን ቀለም እውነቱን ልንገርሽ። በመንገዱ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላም ብሎኛል፤ ብዙዎቹም በእኛ ዕድሜ ያሉ ጡረተኞች ናቸው። ከመንገዱ ወጥቼ በገባሁበት አንድ ትንሽ ከተማ ግን ምግብ ቤቱ ውስጥ ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ተቀመጥኩ፣ አዘዝኩ፣ በላሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ሆዴ ግን አልተመቸውምና ትልቅ ከተማ እስክደርስ ነዳሁ። አንቺም ሆድሽ የሚነግርሽን ስሚ። ከመሸ በኋላ የማላውቀው ከተማ ውስጥ አልዞርም፤ አልጋዬንም በስልክ አስቀድሜ ነው የምይዘው።

ከሰውም ከአውሬም ይልቅ የምፈራው መዥገር ነው። ሜሪላንድ መዥገር የምታስተላልፈው የላይም በሽታ አገር ነው። ልብሴን ፐርሜትሪን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ነፍቼ አደርቀዋለሁ፣ ነጭ ካልሲ አደርጋለሁ ጥቁሯ ነጥብ ትታየኝ ዘንድ። ማታ ድንኳን ውስጥ ልብሴን አውልቄ ብብቴን፣ ብሽሽቴን፣ የጡቴን ሥር በጣቴ እዳብሳለሁ፤ ጉልበቴ ኋላና ወገቤ ስለማይታዩኝ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አጉልቼ አያለሁ። ሹሩባ ከተሠራሽ ፈሩን በጣትሽ ተከትለሽ ፈትሺ። መዥገሯ በሽታውን የምታስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ ስትቆይ ነው፤ ስለዚህ በየማታው የፈተሸ ሰው ብዙውን አደጋ አልፏል። ቀጭን ወረንጦ ያዢ፣ ከቆዳሽ አጠገብ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢያት።

ምግብን አትፍሪ። የጾም ሰው ለዚህ መንገድ የተመቸ ነው። በሶ በትንሽ ከረጢት ይዣለሁ፣ በጨውና በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ብዙ ሰዎች በውድ ከሚገዙት ዱቄት ይልቅ ያቆየኛል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪሴ ውስጥ ነው። ድርቆሽ በፈላ ውሃ ርሶ በበርበሬና በዘይት ሲታሽ እራት ነው። ከተማ ውስጥ የለውዝ ቅቤና ዳቦ የትም ታገኛለሽ። የደም ግፊት ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ግን ከመሄድሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ የሚያሸናው ዓይነት ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ያዞራል።

ጎሚስታው፦

እትዬ፣ እኔ አርሊንግተን ብስክሌት ጥገና ነው የምሠራው። እናቴ ብትሆኑ የማደርግልዎትን ልጻፍ።

መንገዱ አስፋልት አይደለም፤ አፈርና የተፈጨ ድንጋይ ነው። ዝናብ ከዘነበ ጭቃው ጎማ ሥር ይገባል። ስለዚህ ጎማዎ 40 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ይኑረው፣ ነፋሱንም ከአስፋልቱ ላላ ያድርጉት። ሙሉ የጭቃ መከላከያ ያስገጥሙ፣ በመከላከያውና በጎማው መካከል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ አለበለዚያ ጭቃው ይጠቀጥቀዋል።

ጎማ ቢተነፍስ ያሉት፦ የሚያነሳዎት እርስዎ ነዎት። ሳሎንዎ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈው የኋላውን ጎማ ያውልቁ፣ የውስጡን ይቀይሩ፣ ይንፉ። ያለማንም እርዳታ እስኪችሉ ይደጋግሙት። የኋላው ነው የሚያስቸግረው፤ ሰንሰለቱ ትንሹ ጥርስ ላይ ሲሆን ይቀላል። ጣት ላይ አቅም ካነሰ ማውለቂያው ረጅም የሆነውን ይግዙ። ሁለት መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይያዙ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ካሰቡ፣ ፔዳል ሲመቱ ብቻ የሚያግዘው በዚያ መንገድ ይሄዳል፤ ጫካው ማደሪያ ላይ ግን ባትሪ የሚሞሉበት የለም። ባቡሩም የክብደት ገደብ አለው። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ቀላል ማርሽ ያለው ተራ ብስክሌት ይበቃዎታል ባይ ነኝ። የኮርቻውን ከፍታ ግን አንድ ቀን ይምጡና ወይም አቅራቢያዎ ያለ ባለሙያ ያስተካክልልዎ፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ከሙኒክ፦

እኔ 59 ነኝ፣ ጀርመን ነው የምኖረው። ሜሪላንድን አላውቀውም፤ ጫካው ካስፈራሽና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ መሄድን መለማመድ ከፈለግሽ ግን የዳኑብን መንገድ ላንሳልሽ። ከፓሳው እስከ ቪየና 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አብዛኛው አስፋልት፣ ወንዙ እየወረደ አንቺም አብረሽው ትወርጃለሽ። በየመንደሩ አልጋ አለ፤ በየደጁ "ክፍል አለ" የሚል ሰሌዳ ታያለሽ። ከደከመሽ ብስክሌትሽን ባቡር ላይ ጭነሽ ትቀጥያለሽ። ነጫጭ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ብቻቸውን ሲነዱ ስለምታዪ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅሽም። እኔ ድንኳን ይዤ አላውቅም፤ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ጃኬት፣ መድኃኒትና ነጠላ፣ በቃ። ሻንጣሽን በገንዘብ ከአንድ ማደሪያ ወደ ሌላው የሚያደርሱልሽም አሉ።

የአንዲት እናት ልጅ፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እናቴ 65 ዓመቷ ነው፣ እሷም ይህንኑ ታደርጋለች። ልጅዎ ያለቀሰችው አላምንዎትም ብላ አይመስለኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ብትወድቅ የሚለው ነው። ነጠላ ለባሿ፣ ሁሉንም ጽፈዋል፤ ይህን ግን አልነኩትም። ሴትዮዋ ብቻቸውን በዚያ 60 ማይል ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ ሲባል እኔ በግሌ አልስማማም። ለምን እስከ ሃንኮክ ያለውን ትተው ከዚያ አይጀምሩም?

ነጠላ ለባሿ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ልመልስ።

በየአንዳንዱ ማይል ላይ ቁጥር የተጻፈበት ምሰሶ አለ። ጆርጅታውን ዜሮ ነው፣ ከምበርላንድ 184.5። ስለዚህ ወደ ቤት ስትነጂ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋት ለልጄ "ዛሬ ከ156 ወደ 124" ብዬ እጽፍላታለሁ፤ 124 ሃንኮክ ነው። ስልክ ባይዝ እንኳ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ድምፄን ካልሰማች በየትኞቹ ቁጥሮች መካከል እንደሚፈልጉኝ ታውቃለች። 911 ስትደውዪም የምትናገሪው ያንኑ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ ልጄ ገዝታልኛለች፣ ኮርቻዬ ሳይሆን ሰውነቴ ላይ ነው የማስረው፤ ብወድቅ ብስክሌቱ ካለበት መሳብ ላልችል እችላለሁና።

ከሃንኮክ ይጀምሩ ላልሽው፣ ይቻላል፣ ነውርም የለውም። ግን ቦዩ ተራራ ሥር የሚያልፍበትን ፓው ፓው ዋሻን ያጡታል። 3,118 ጫማ ርዝመት አለው፣ ውስጡ በጡብ የተለበጠ ነው፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለው፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከብስክሌት ወርዶ በእግር ነው የሚታለፈው። መብራቱ የራስ ላይ ይሁን፣ የብስክሌቱ መብራት እየገፉ ሲሄዱ ይዋዥቃል። ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ በዝግታ መራመድ ነው። የቆፈሩት በእጅና በባሩድ ነው፤ በ1836 ጀምረው 1850 ነው ያለቀው። ጀልባዎቹን የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፣ እስከ 1924 ድረስ። በአንዳንድ የውሃ በር ድንጋዮች ላይ የጎታች ገመዱ የቆረጠውን ጎድጎድ በጣትሽ ልታገኚው ትችያለሽ። እኔ ይህን ሳይ ነው ለአዛውንት ሴት ጫካ አይሆንም ያሉኝን ሁሉ የረሳሁት።

በሃንኮክ አካባቢ ጉልበት የሚያሳርፍ ነገርም አለ። ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል በቦዩ አጠገብ 28 ማይል የቆየ የባቡር መስመር አስፋልት ሆኖ ተሠርቷል። አንድ ቦታ ላይ በተዘጋ ዋሻ ምክንያት ወደ ቦዩ መንገድ ይመልስሻል እንጂ አብዛኛው ለስላሳ ነው። ዝናብ ከዘነበ ጭቃውን ትቼ እሱን ነው የምይዘው።

የጣና ዳሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጎሚስታው ልጄ፣ የኋላውን ጎማ ዛሬ ሳሎን ውስጥ አወለቅሁት። መመለሱ እስከ ማታ ፈጀብኝ፣ ግን ገባ። ኮርቻውን ለማስተካከል እመጣለሁ። ከሙኒክ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ዳኑብን ልቤ ወዶታል፤ እሱ ሌላ ዓመት ነው።

ለልጄ የማይል ምሰሶዎቹን ነገር አነበብኩላት። ወዲያው ወረቀት አምጥታ ከተማዎቹንና ቁጥሮቹን ጻፈች፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። የሳተላይቱን መሣሪያ ወንዱ እገዛለሁ ብሏል። ፍልሰታ ከወጣ በኋላ መስከረም አጋማሽ ላይ ልነሳ ነው፤ ሙቀቱም ቀለል ይላል፣ ፓምፖቹም አልተዘጉም። ባቡሩ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከምበርላንድ አልጋ ይዤ አድራለሁ።

እታለም ነጠላ ለባሿ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሃርፐርስ ፌሪ ማደር እፈልጋለሁ፣ ከቦዩ ወደ ከተማው በድልድይ ነው አሉኝ። ብስክሌቱን ከነሻንጣው ማሻገር እችላለሁ?

ነጠላ ለባሿ፦

እኔ ባለፍኩበት ጊዜ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ነበር፤ ብስክሌቱን ከነዕቃው መሸከም ለእኛ አይሆንም። ሻንጣዎቹን ፍቺና መጀመሪያ እነሱን አውጪ፣ ከላይ አስቀምጪያቸው፣ ከዚያ ብስክሌቱን ባዶውን ይዘሽ ነይ። ገንዘብሽንና ስልክሽን ሰውነትሽ ላይ ያዢ። ሰው ብዙ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ "ይህን ያዝልኝ" ማለትም ይቻላል። ካልሆነልሽ ብረንስዊክ ስድስት ማይል ብቻ ነው፣ ደረጃ የለውም። የቦዩ መንገድ ብሔራዊ ፓርክ ነውና ከመነሳትሽ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ተመልከቺ፤ በጎርፍ ወይም በጥገና የተዘጋ ቦታ ካለ እዚያ ይጻፋል። የባቡሩን ቲኬት ስትቆርጪ የብስክሌቱንም ቦታ አብረሽ ያዢ፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ በመስከረም ቶሎ ይሞላል። በየትኛው ጣቢያ ብስክሌት እንደሚጫንም ያኔውኑ ጠይቂ።